ለከርከሮ የሚሆን ጥይት

ጎጃም ውስጥ ተኩሶ የማያውቅ ወንድ ሞልቷል። ስለ ጠመንጃ አላውቅም የሚል ግን ፈልጉና አምጡልኝ። ጠላ ቤት ግቡና «ምንሽር ይሻላል ክላሽ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ጋኑ ያልቃል እንጂ ክርክሩ አያልቅም።

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ ቡሬ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደራ፣ ከአሜሪካ የመጣ ዘመዳችን አብሮን ነበር። እዚያ አደን ጀምሯል። ለአሳማና ለበግ የትኛው ካሊበር፣ ማለትም የትኛው የጥይት ልክ፣ እንደሚሻል ሲከራከሩ እንደሚያድሩ አጫወተን።

በግ ሲል ሁሉም ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«በግ ነው ያልከኝ?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«አዎ አባቴ። ተራራ ላይ ያለ በግ። እኔ ከሦስት መቶ ሜትር ነው የምመታው።»

«የማን በግ?»

«የማንም አይደለም።»

«ባለቤት የሌለው በግ አግኝተህ ትተኩሳለህ? ጎትተህ ቤትህ አታስገባውም?»

ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ አስረዳ። በጉ የዱር ነው። ቀንዱ እንደ ጥምጣም የዞረ፣ ሮኪ በሚባሉት ተራሮች ገደል ላይ የሚኖር። ለመግደል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱም ብዙ ጊዜ በዕጣ ነው የሚገኘው። ሽማግሌው ዕጣ የሚለውን ሲሰሙ «እንደ ኮንዶሚኒየም ነው በለኛ» ብለው ተረጋጉ።

ከዚያ ቁጥሩ መጣ። የተራራ በግ አዳኞች የሚምሉበት እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው .270 የሚባለው ጥይት ነው። ቁጥሩ የጥይቱ ውፍረት በኢንች መሆኑ ነው። እርሳሱ ሲለካ ግን 0.277 ነው። እዚያም አገር ሚዛን ላይ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል ማለት ነው። .30-06 የሚባል ደግሞ አለ፤ 06 የተሠራበት ዓመት፣ የእ.ኤ.አ. 1906፣ ጭራ ነው። እኛ ኤም ዋን የምንለው ጠመንጃ፣ የቃኘው ዘማቾች ኮሪያ ላይ የያዙት፣ የሚጎርሰው ይህንኑ ነው።

አንድ ጎረምሳ ዘሎ ገባ። «ክላሽም 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ኤም ዋንም 7.62። እኩል ናቸው!» ዘመዳችን ቀለሁን በጣቱ ለክቶ አሳየው። የክላሹ ቀለህ 39 ሚሊ ሜትር ነው፣ የኤም ዋኑ 63። አፈሙዙ ቢመሳሰልም ባሩዱ አይገናኝም። ጎረምሳው አላመነም። ያለው ክላሽ ነዋ!

ስለ አሳማው ሲነሳ ነገሩ ባሰ። ቴክሳስ ውስጥ ከበረት ያመለጠ የአሳማ ዘር እርሻውን አጥፍቶታል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ይታደናል። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እንዲያውም ከሄሊኮፕተር ላይ መተኮስ ተፈቅዷል። ወንድ አሳማ ትከሻው ላይ እንደ ጋሻ የጠነከረ ቆዳ ስላለው ጥይቱ ከበድ ያለ ቢሆን ይመረጣል።

«ሥጋውን ማን ይበላዋል?» አሉ ሽማግሌው።

«እኛ...» አለና የጠላ ቤቱን ፊት አየ። «እነሱ፣ አባቴ። እነሱ።»

ሽማግሌው ፍርዳቸውን ሰጡ። ለከርከሮ ውጅግራ ነው፤ ሌላው ጨዋታ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡት፣ አፈሙዙ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠመንጃ። ጭሱ ተኳሹን ራሱን ይሰውረዋል። እሳቸው እንደሚሉት ከርከሮው ባይመታም በድንጋጤ አገር ይለቃል።

ይሄኔ ጠላ ቀጂዋ እትዬ ማንቆርቆሪያውን እንደያዙ ቆሙ። «ትናንት ሌሊት እሪያ በቆሎዬን ሲያረግፍ የትኛችሁ ናችሁ የተኮሳችሁ?»

እውነታቸውን ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮና ከርከሮ፣ ሌሊት እሪያና ጃርት ይዘምቱበታል። ማማ ላይ የሚያድረው ግን ወንጭፍና ቆርቆሮ የያዘ ልጅ ነው። ጠመንጃው ቤት ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ፣ ተወልውሎ ተሰቅሏል። ሲጠየቅ አባወራው ሕግ ይጠቅሳል። የዱር እንስሳት አዋጅ 541/1999 አለ፤ የጦር መሣሪያ አዋጅ 1177/2012 አለ። ከርከሮዎቹም ያነበቡት ይመስለኛል፤ በዝግታ ነው የሚበሉት።

እኔ ግን ምክንያቱ አዋጅ አይመስለኝም። ያው አባወራ ጥር ላይ፣ ሠርግ ቤት፣ አዋጁ ትዝ አይለውም። ጉዳዩ ፉከራው ነው። «ዘራፍ!» ብሎ የተነሣ ሰው አንበሳ ገዳይ ነው፣ ዝሆን ገዳይ ነው፣ ጎሽ ገዳይ ነው። በጎጃም ደጋ ዝሆን ያየ በሕይወት የለም፤ ገዳዩ ግን በየሠርጉ አለ። «ዘራፍ፣ የከርከሮ ገዳይ!» ያለ ሰው ሰምታችኋል? አይበላ፣ አይሸለም፣ አይፎከርበት። ስለዚህ ጥይቱ ተቆጥቦ ተቆጥቦ ሰማይ ላይ ይተኮሳል። ሰማይ ደግሞ የማንንም በቆሎ በልቶ አያውቅም።

የበጉ ነገር ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ተላለፈ። ዘመዳችን ገበያ ወጣ። ላት መዳሰስ፣ ጥርስ መግለጥ፣ ወገብ መጫን ሁሉ ተረስቶታል። ሻጩ ጫማውን አይቶ ዋጋ ጠራ። ተከራከርን፣ ሄድን፣ ተመለስን፤ ያው ከፈለ። በጉ ባጃጅ ላይ ሲጫን አመለጠውና ሕፃናት አባረው ያዙለት፤ እነሱም ሳንቲም ጠየቁ።

ጠዋት ቢላ ሰጠነው። ቢላውን አየ፤ በጉን አየ፤ በጉም አየው። ወዲያው ስልክ ተደወለለትና ወደ ጓሮ ሄደ። ጎረቤት ተጠርቶ መጣ፣ በስመ አብ ብሎ ባረከው፣ ገፎ ብልት አውጥቶ ጨረሰ። «ለድካምህ ቆዳውን ውሰድ» ሲባል ሳቀ። የበግ ቆዳ ደህና ዋጋ ካጣ ቆይቷል። ጉበቱን ጠቅልሎ ሄደ።