የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚውን ከውሳኔው ጋር ብቻውን አንተወው

አንድ መስማት የተሳነው ተከሳሽ ችሎት ፊት ቆሟል እንበል። ያደገው ገጠር ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባም። ከቤተሰቡ ጋር የሚግባባው እነሱው ቤት ውስጥ በለመዷቸው ምልክቶች ነው። ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ አስቀርቦለታል። አስተርጓሚው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋን አሳምሮ ይችላል፤ ተከሳሹ ግን ቋንቋውን የመማር ዕድል አላገኘም። ክሱ ተነቦ ሲያበቃ ዳኛው «ድርጊቱን ፈጽመሃል? ጥፋተኛ ነህ?» ብለው ይጠይቃሉ። ተከሳሹ የአስተርጓሚውን እጅ ትክ ብሎ ያይና «አዎ» እንደሚል ሰው ራሱን ይነቀንቃል።

ይህ መነቅነቅ የእምነት ቃል ሆኖ መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። ሰውየው ግን ያልገባውን ነገር በአክብሮት እየተቀበለ ሊሆን ይችላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያልገባውን ሁሉ በእሺታ ማለፍ የለመደ ብዙ ነው። ልዩነቱን ማየት የሚችል በችሎቱ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ነው፤ እሱም አስተርጓሚው።

«አትጨምር፣ አትቀንስ፣ የተባለውን ብቻ አድርስ» የሚለውን የሙያ ደንብ እኛ አስተርጓሚዎች ሁላችንም ተምረነዋል። ደንቡ ትክክል ነው። እዚህ ላይ ግን የሚደርስ ነገር የለም፤ መግባባቱ ራሱ አልተፈጠረም። አስተርጓሚው ፈቃድ ጠይቆ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ ጥያቄውን መረዳቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም» ማለት አለበት። አብሮት የሚሠራ፣ ራሱ መስማት የተሳነውና ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መግባባት የሚችል አስተርጓሚ እንዲመደብም መጠየቅ አለበት። አሜሪካ ውስጥ ይህ የታወቀ የሥራ ዘርፍ ነው። ችሎታው ያላቸው መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ የሚጠራቸው ነው የጠፋው።

ይህን ለመናገር ግን ድፍረት ይጠይቃል። ቀጠሮው ይራዘማል፣ ዳኛው ይቆጣሉ፣ «አልችልም አለ» የሚል ስም ይወጣል፣ ነገ የሚጠራው ሌላ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ብዙው ዝም ይላል። ዝምታውም ውሳኔ ነው፤ የሚፈረድበት ግን ሌላው ነው።

ሕጋችን እስከ ችሎቱ በር ድረስ ጥሩ ያደርሰናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የክሱ ሂደት በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲመደብለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም አገሮች ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች እንዲያቀርቡ ያዛል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምልክት ቋንቋን በዲግሪ ደረጃ ማስተማር ከጀመረም ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም ብዙዎቻችን ወደ ሙያው የገባነው ከቤተሰብ፣ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ወይም ከአጭር ሥልጠና ነው። እጃችን ሠልጥኗል፤ እንዲህ ያለው ቅጽበት ሲመጣ ግን ምን እንደምናደርግ ተቀምጦ ያማከረን የለም።

የደቡብ አፍሪካን ነገር አስታውሱ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. በኔልሰን ማንዴላ የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ የዓለም መሪዎች አጠገብ ቆሞ ትርጉም አልባ ምልክት ሲያሳይ የዋለውን ሰው ዓለም ሁሉ አይቶታል። መስማት የተሳናቸው ተመልካቾች ገና ንግግሩ ሳያልቅ ነበር የተቃወሙት። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በወቅቱ የተዘገበው ሌላው ነገር ነው፦ ስለዚሁ ሰው ከዚያ በፊትም አቤቱታ ቀርቦ ነበር። አቤቱታውን ተቀብሎ «ይህ ሰው ከእንግዲህ አይመደብም» የሚል ባለሥልጣን ግን አልነበረም። እኛ ዘንድስ ማን አለ?

መፍትሔው ረዘም ያለ ደንብ መጻፍ ብቻ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2001 ሮቢን ዲን እና ሮበርት ፖላርድ የተባሉ አሜሪካውያን ስለ አስተርጓሚነት ባወጡት ጽሑፍ ጥያቄውን ከሌላ አቅጣጫ አነሱት። አስተርጓሚን የሚፈትነው ቋንቋው ብቻ አይደለም፤ ቦታው፣ የሰዎቹ ግንኙነት፣ የተናጋሪው አኳኋን፣ በራሱ ውስጥ ያለው ድካምና ስሜትም ነው ይላሉ። ለእያንዳንዱ ፈተና ከሥራው በፊት፣ በሥራው መሐልና ከሥራው በኋላ ምን ማድረግ እንደሚቻል ማሰብ ይለመዳል። ሐኪሞች ስለ በሽተኞቻቸው ተሰብስበው እንደሚወያዩ ሁሉ አስተርጓሚዎችም የገጠማቸውን፣ የባለጉዳዩን ማንነት ሳይገልጹ፣ ልምድ ባለው ሰው ፊት ይመረምሩታል። የአሜሪካ አስተርጓሚዎች መዝገብ (RID) የተባለው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚዎች ማኅበር ደግሞ አባላቱ የምስክር ወረቀታቸው እንዳይሰረዝ በየ4 ዓመቱ 80 ሰዓት ትምህርት እንዲወስዱ ያስገድዳል።

«ያለን አስተርጓሚ ጥቂት ነው፣ መጀመሪያ ቁጥሩ ይብዛ» የሚሉ ወገኖች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ሆስፒታል ውስጥ የእናቷን ሕመም ለማስተርጎም ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ ላለባት አገር፣ ማንም ከምንም ይሻላል ሊባል ይችላል። ችሎቱ ላይ የቆመው ሰው ግን ማንም ተብሎ በቀረበው አስተርጓሚ ሊፈረድበት ይችላል። ለጥቂቶቹ በወር አንድ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ መወያየት ቁጥሩ እስኪበዛ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ አዳራሽና ፈቃደኛ አወያይ ይበቃዋል።

ከዚያ ቀጥሎ የሚያስፈልገን ፈቃድ የሚሰጥ፣ የሚያድስና አቤቱታ የሚሰማ አካል ነው። ፍርድ ቤቶችም አስተርጓሚ ሲመድቡ ይህ አካል ፈቃድ ከሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ይምረጡ፤ «መግባባት አልተቻለም» ያለ አስተርጓሚም የዕለት ክፍያው አይነካበት። በዚህ አካል ውስጥ መስማት የተሳናቸው ሰዎች በታዛቢነት ሳይሆን በድምፅ ሰጪነት፣ በርከት ብለው መቀመጥ አለባቸው። የእኛን ሥራ ጥራት በየቀኑ የሚመዝኑት እነሱ ናቸው፤ በዚያ የመታሰቢያ ቀንም ስህተቱን ከሁሉ በፊት ያወቁት እነሱ ነበሩ።