ሁሉን ቻዩ ኢንቨርተር

ቅዳሜ ማታ ምረቃ ተጠርቼ ነበር። የሕንፃ እንዳይመስላችሁ፤ የጎረቤቴ ሶላር ምረቃ ነው። ሰውየው መብራት እስኪጠፋ ስንት ቀን በትዕግሥት ጠበቀ። ልክ ድርግም ሲል ደወለልኝ። «ቶሎ ና! ሰፈሩ ድቅድቅ ብሏል፣ እኛ ቤት ቀን ነው።»

ሄድኩ። እውነትም ቀን ነው። አምፖል የሚባል ሁሉ በርቷል። ቴሌቪዥኑ ማንም ሳያየው ይጮኻል። ኢንቨርተሩ፣ ማለትም የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው ሳጥን፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ የአያቱ ፎቶ በነበረበት ቦታ ተሰቅሏል። ፊቱ ላይ በትልቁ «5000» ይላል። ገና ሳልቀመጥ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

«አምስት ሺ ዋት! ቤቱን ሙሉ ይችላል።»

«ባትሪውስ ስንት ነው?» አልኩት።

«አለው።»

አለው! ይህን መልስ በፍሬም አድርጌ ከአያቱ ፎቶ ጎን ባስቀምጠው ደስ ይለኛል። ስንት ነው ሲሉት፣ አለው።

ቀጥሎ የሆነውን እናንተም የሆነ ቦታ ስላያችሁት አላረዝመውም። ባለቤቱ ለእንግዳ ብላ የውሃ ማፍያውን ሰካች። ኢንቨርተሩ ጢጥ አለ። ደግሞ ጢጥ ጢጥ አለ። አረንጓዴዋ መብራት ቀይ ሆነች። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ምን እያለ ነው?» ብለው እናቱ ጠየቁ። «ምንም አይደል እማዬ፣ እየሠራ ነው» አላቸው። ድርግም። በጨለማው ውስጥ የእናቱ ድምፅ መጣ፤ «ሻማውን የት ነው ያደረጋችሁት?»

እንግዲህ የዛሬው ምስጋናዬ ለዚህ ዓይነቱ ጀግና ነው። ሶላር ሊገዛ ሄዶ አንድ ቁጥር ብቻ ጠይቆ ለሚመለሰው። እሱ ባይኖር ሁላችንም ወረቀትና እርሳስ ይዘን ስንደምር እናረጅ ነበር። እሱ ግን አይደምርም። ኢንቨርተሮቹን አየ፣ ትልቁን ቁጥር መረጠ፣ አለቀ። ባትሪው? የተረፈችው ብር የቻለችውን። ፓነሉ? ሻጩ የመረቀለትን።

ወሬውም ይኸው ነው። «ያንተ ስንት ነው?» «ሦስት ሺ።» «የኔ አምስት ሺ።» አለቀ፣ ተሸነፈ። «የኔ እስኪነጋ ይቆያል» ብሎ የፎከረ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

በተቃራኒው አንድ አሰልቺ ዘመድ አለኝ። ሶላር ከመግዛቱ በፊት ቤቱን እየዞረ፣ ከየዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ሲያነብ ሁለት ቀን ፈጀ። አምስት አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ ለ5 ሰዓት፤ 225 ዋት-ሰዓት። ቴሌቪዥን 100 ዋት፣ ለ4 ሰዓት፤ 400። ራውተር 10 ዋት፣ ቀንና ሌሊት፤ 240። ፍሪጁ በቀን 1,200 ገደማ። ደመረው፤ 2,065። ሰው እንዲህ ሆኖ ይኖራል?

በዚህ አላበቃም። የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል ብሎ ቁጥሩን በሁለት አበዛው። ኢንቨርተሩ ላይ ለሚባክነውም ትንሽ ጨመረ። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት አራት ባትሪ ገዛ። «ሊቲየም ቢሆን 80 በመቶውን ያለ ስጋት ስለምጠቀም ሦስት ይበቃኝ ነበር» እያለ ሳምንት ሙሉ ተቆጨ። ጥሩ ፀሐይ የሚገኘው በቀን 5 ሰዓት ነው ብሎ፣ የሚባክነውንም አስቦ 550 ዋት ፓነል ሰቀለ። ኢንቨርተሩስ? «ሁሉም አንድ ላይ ቢበራ 300 ዋት ገደማ ነው፤ የፍሪጁ ሞተር ሲነሳ ግን ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይስባል» አለና 1,500 ዋት ገዛ።

አንድ ሺ አምስት መቶ! ይህን ይዞ ሰው ፊት ይወጣል? መብራት ሲጠፋ እሱ ቤት እስኪነጋ ይበራል። ምረቃ ግን አልጠራንም። ምን ብሎ ይጠራናል?

ወደ አምስት ሺው ልመለስ፤ አልጠገብኩትም። በማግስቱ በቀን ብርሃን ባትሪውን አየሁት። አንድ ነው። ወንበር ሥር ተቀምጦ እግር ማሳረፊያ ሆኗል። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት። ሲባዛ 1,200 ዋት-ሰዓት። የሊድ አሲድ ስለሆነ ሳይጎዳ የሚወጣለት ግማሹ፣ 600 ብቻ ነው። ያን ማታ የውሃ ማፍያው 1,800 ዋት ጠየቀ። የቀረው ቤት ሲደመርበት ከባትሪው ወደ 200 አምፔር ይሳባል ማለት ነው። ይህ ባትሪ ደግሞ 100 የሚል ቁጥር የተጻፈለት አብዛኛውን ጊዜ 5 አምፔር እየሰጠ 20 ሰዓት ስለቆየ ነው። አርባ እጥፉን በአንዴ ሲጠይቁት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ኢንቨርተሩ ጢጥ ይላል፣ እማማ ሻማ ይፈልጋሉ። አምስት ሺው ቁጥር ውሸት አልነበረም። የእሳት አደጋ ቧንቧ ነው፤ የተሰካው ግን የእጅ መታጠቢያ ጣሳ ላይ ነው።

ልቤን የሰረቀው ግን ይህም አይደለም። ትልቅ ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት፣ በርቶ በመዋሉ ብቻ ይበላል። ከሥሪት ሥሪት ቢለያይም ይህን የሚያክለው 40 ዋት ቢበላ የሚገርም አይደለም። እስቲ 40ን ፀሐይ ከምታዘቀዝቅበት እስከ ረፋድ ባለው 15 ሰዓት አባዙት። 600! ከባትሪው ሳይጎዳ የሚወጣው ስንት ነበር? 600። ቤተሰቡ አምፖሉን አጥፍቶ፣ ፍሪጁን ነቅሎ፣ በጨለማ ተቃቅፎ ቢያድርም ጠዋት ከዚያ 600 የሚተርፍ የለም።

ፓነሉስ? 150 ዋት ነው። በ5 ሰዓት 750 ይላል ሒሳቡ። ያ 150 ግን የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ፣ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያገኝ ነው። ጣሪያ ላይ የጋለ ፓነል ደግሞ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ይቀንሳል። በሽቦውም በባትሪውም የሚባክነው ሲወጣለት 560 ገደማ ቢቀር ነው። ኢንቨርተሩ ሌሊት ከሚበላው ትንሽ ያንሳል።

አሁን ሥዕሉን አንድ ላይ እዩት። የፀሐይ ብርሃን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አቋርጦ፣ ስምንት ደቂቃ ተጉዞ የጎረቤቴ ቆርቆሮ ላይ ያርፋል። ፓነሉ ይለቅመዋል። ባትሪው ያስቀምጠዋል። ኢንቨርተሩ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ይቀልብበታል። ይህ ሁሉ ድካም ግድግዳው ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት እንዳትጠፋ ነው። ጎተራ እንዲጠብቅ ተቀጥሮ ጎተራውን የጨረሰ ዘበኛ ታውቃላችሁ? ጠዋት ተነስቶ «ሌባ አልገባም» ይላል። እውነቱን ነው። ምን ሊወስድ ይገባል? ላም አለኝ በሰማይ ያለውም ሰው ቢያንስ ላሟ አትበላበትም ነበር።

ሌሎችም ጀግኖች አሉ፤ ምስጋናው ይድረሳቸው። ፓነሉን እንዳይሰረቅ ብሎ ዛፍ ሥር የሰቀለው አለ። ጥላ ከፓነሉ ጥግ ትንሹን ብትሸፍን ትልቁን ክፍል ይዛ እንደምትወርድ ማን ይንገረው? በብብቱ ይዞት የሚሄደውን ፓነል «400 ዋት» ብሎ የገዛም አለ። ጥሩ የሚባለው ፓነል በአንድ ካሬ ሜትር ከ200 ዋት እምብዛም አይርቅም፤ የሱ ግማሽ ካሬ አይሞላም። ግድ የለም፣ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። አራት ዓመት ካረጀ ባትሪ ጋር አዲስ ባትሪ አጋብቶ፣ ሽማግሌው ይታደሳል ብሎ የሚጠብቅም አለ። የሚያረጀው ሙሽራው ነው።

ገዢውስ ይሁን፤ አላወቀም። «ይችላል» የሚለውን ሻጭ ግን ምን ልበለው? አንዲት የማውቃት እናት ሶላር የገዙት ለቴሌቪዥን አይደለም። ለኢንሱሊናቸው ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። ይህንኑ በግልጽ ተናግረዋል። «ፍሪጅ ይችላል?» ብለው ጠይቀዋል። «ይችላል!» ተባሉ። ፍሪጁን ያስነሳዋል፣ ልክ ነው። ስንት ሰዓት ያቆየዋል የሚለውን እሳቸው መጠየቅ እንዳለባቸው አላወቁም፤ እሱም አልነገራቸውም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ፍሪጁ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መብራት በጠፋ ቁጥር አንድ ሴትዮ መድኃኒታቸውን ይዘው በጨለማ የሰው በር ያንኳኳሉ። ሰውየው አላወቀም እንዳትሉኝ። ማባዛት ያውቃል። ሒሳቡን ሲቀበል አንዲት ሳንቲም አልተሳሳተም።

ጎረቤቴ ትናንት ደወለ። ድምፁ ደስ ብሎታል። ችግሩን አግኝቶታል። የባትሪ ነገር ይነሳል ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁት።

«ኢንቨርተሩ አንሶ ነው» አለኝ። «አስር ሺ አዝዣለሁ። ቅዳሜ ምረቃ ነው፣ እንዳትቀር።»

አልቀርም። ስልኬን ሙሉ ቻርጅ አድርጌ እሄዳለሁ። እማማ ሻማውን የት እንዳስቀመጡት አሁን ያውቃሉ።