አስፋልቱ ጋር ሳይደርስ የሚቀረው ቡና

ስለ አገራችን ትራንስፖርት ሲነገር የሚጠቀሱት ቁጥሮች ትልልቅ ናቸው። የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም በ1989 ዓ.ም. ሲጀመር 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የመንገድ መረብ ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል። ከወጪና ገቢ ንግዳችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጂቡቲ በኩል ያልፋል፤ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የባቡር መስመርም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ጭነት ያመላልሳል። ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ለጅማ ገበሬ ግን ወጪው የሚከብደው ከዚያ ሁሉ በፊት፣ ከማሳው እስከ አስፋልቱ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ኅዳር በጅማ ዞን ጎማ ወረዳ ውስጥ ያየሁት ከዓይኔ አልጠፋም። ያለ ወቅቱ የጣለ ዝናብ ቀዩን አፈር አላቁጦት እሸት ቡና የጫነ አንድ አይሱዙ እስከ ወገቡ ሰጥሟል። ሰዎች ድንጋይና የእንሰት ቅጠል ከጎማው ሥር እየወሸቁ ቢገፉትም አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ጆንያዎቹ እየወረዱ በፈረስ ተጫኑ። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይቦካል። መፈልፈያው ጋር ሲደርሱ መሽቷል፤ ገዢው አንድ እፍኝ ዘግኖ አሸተተና ዋጋውን ቀነሰ። ገበሬው አልተከራከረም። ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ምርት በአሥር ኪሎ ሜትር ጭቃ ዋጋ አጣ።

ይህ ኪሳራ በየትኛው ሪፖርት ላይ ይሰፍራል? በየትኛውም አላየሁትም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በሁለት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የሚኖረው የገጠር ሕዝባችን 21.6 በመቶ ብቻ እንደሆነ አሳይቶ ነበር፤ በኬንያ 56 በመቶ ነበር። ቀበሌዎችን ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ጠርጓል። ይሁን እንጂ ያለ ቦይና ያለ ጥገና የተተወ የጠጠር መንገድ ሁለት ክረምት ሳይሻገር ይቦረቦራል፣ በሪፖርት ላይ ግን ርዝመቱ እንዳለ ይቆጠራል።

በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ አድርጎ ደቡብ ሱዳን ድንበር አጠገብ እስካለችው ዲማ የሚዘልቅ የባቡር መስመር ታስቦ ነበር። ቢመጣ እሰየው። እኔ የምጠይቀው ግን ከዚያ በጣም የቀለለ ነገር ነው። እያንዳንዱ የቀበሌ መንገድ በዓመት ስንት ወር መኪና እንደሚያሳልፍ፣ አንድ ኩንታል ከማሳ አስፋልት ለማድረስ ስንት ብር እንደሚጠይቅ ይመዝገብ፤ የጥገና በጀትም በዚያ ይመደብ። ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። በየመረከቢያው ሚዛን አለ፣ የሚዛን መዝገብም አለ። ከኪሎውና ከዋጋው ጎን አንድ ዓምድ ይጨመርና፣ ቡናው በምን ተጭኖ፣ በስንት ሰዓት፣ በስንት ብር እንደደረሰ ከዘንድሮው ለቀማ ጀምሮ ይጻፍበት።