እርማት፦ የዶሮ ጆሮ የእንቁላሏን ቀለም አይናገርም

ወንድሜ፣ «ሐዋሳ ገበያ ዶሮ ስትገዙ ከጆሮዋ ሥር ያለችውን ቆዳ እዩ፤ ቀይ ከሆነች ቡናማ፣ ነጭ ከሆነች ነጭ እንቁላል ትጥላለች» ብለሃል። ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ነው፤ ግን ልክ አይደለም።

ዶርኪንግን ውሰድ። በእንግሊዝ አገር ባለች ከተማ ስም የተጠራች፣ ለሥጋም ለእንቁላልም የምትረባ ጥንታዊ የግቢ ዶሮ ናት፤ ዛሬ ቁጥሯ ተመናምኗል። እንደ ብዙዎቹ ዶሮዎች 4 ሳይሆን 5 ጣት አላት፤ አምስተኛዋ ከኋለኛዋ ጣት በላይ ቀና ብላ ትታያለች። የጆሮዋ ሥር ቀይ ነው፤ እንቁላሏ ግን ነጭ ወይም ክሬም መሳይ። እኔም ቤት ያለችው ገብስማ የሐበሻ ዶሮ ጆሮዋ ደም የመሰለ ነው፤ ትናንት ከጭዱ ላይ ያነሳሁት እንቁላል ግን ነጭ ነበር።

ቀለሙን የሚወስነው ዘሯ ነው። ቡናማው ቀለም ቅርፊቱ ላይ የሚያርፈው እንቁላሉ ከመጣሉ በፊት ባሉት የመጨረሻ ሰዓታት ነው፤ ስትሰብረው ውስጡ ነጣ የሚለውም ለዚህ ነው። የጆሮው ምልክት እንደ ሌግሆርን ላሉ ዝርያዎች ይሠራል፤ ስሕተቱም ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

እባክህ ጽሑፍህን አስተካክለው። ደህና እንቁላል ጣይ በጆሮዋ ቀለም ተንቃ ለቢላ ስትሰጥ ያንገበግበኛል።