አቀንጭራችን ኢንተርናሽናል ሆነ

እንኳን ደስ ያለን! የቆቦው አጎቴ ማሽላ ውስጥ የበቀለው አቀንጭራ፣ ያ የማሽላን ሥር የሚመጥጥ አረም፣ ባለፈው ሳምንት በኢንተርናሽናል ጆርናል ታተመ። ባለ ጽሑፉ ወዳጃችን ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ እየጋበዘ እንደነገረን፣ ተልኮ፣ በአቻ ተገምግሞ፣ ታርሞ ኦንላይን እስኪወጣ የፈጀው አራት ቀን ነው፤ ያውም ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ። ገምጋሚዎቹ አጥብቀው ያዘዙት ሁለት ነገር ነበር፦ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ጨምር፣ ክፍያውን በዶላር አስገባ። ሰረዟን ረሳት፤ ቢሆንም ታተመ።

ጆርናሉ ስሙ ውስጥ «ግሎባል»ም «ኢንተርናሽናል»ም አለበት፤ አንዱ ቢያንስ ሌላው እንዲሸፍን ይመስለኛል። ቸርም ነው፤ ማስተርሱን ገና ላልጨረሰ ልጅ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ኢሜይል ይልካል።

አጎቴን ደስ ላሰኛቸው ብዬ ፒዲኤፉን በስልኬ ከፈትሁላቸው።

«ምን ብለው ጻፉ፣ የኔ ልጅ?»

«ማሽላን ከማሾ ጋር ማፈራረቅ አቀንጭራን ይቀንሳል ይላል።»

«እሱንማ እኔው ነኝ የነገርኋቸው።»

«ለገበሬው ግንዛቤ ይፈጠርለትም ይላል።»

«ለየትኛው ገበሬ?»

«ለአንቱ ነዋ፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። «ስሜን ፈልግልኝ» አሉኝ። ምስጋናው ላይ ገንዘብ ሰጪው አለ፣ ዲኑ አለ፣ የጸሐፊው ባለቤት አለች። አጎቴን ሠንጠረዥ ውስጥ አገኘኋቸው፦ «ናሙና 17»።

«ያን ቀን እስከ በረካ ጠጥተው ነው የሄዱት» አለች አክስቴ፣ ረከቦቱን እያነሳች።

ቀልዱን ልተወው። አንዲት አቀንጭራ የምትበትነው ዘር በአስር ሺዎች ይቆጠራል፤ አፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ አድፍጦ ይቆያል። ሐምራዊ አበባዋ ብቅ ሲል ከሥር የማሽላውን ጉልበት መጥምጣ ጨርሳለች። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን አረም የሚቋቋም ማሽላ ለማውጣት ዓመታት ለፍተው ነው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የወሰዱት። የኛዎቹ ተመራማሪዎች ግን ማንም ሳያነበው ያተሙትን ቁጥር ሌላው ይጠቅሰዋል፣ ሦስተኛው ምክረ ሐሳብ ያደርገዋል፣ ማሳ ላይ ሲወርድ የሚከስረው ናሙና 17 ነው። ይህ የማዕረግ እድገት ማግኛ አይደለም፤ ሌብነት ነው!

ይቅርታ፣ ማኪያቶውን ጠጥቼ እንዲህ ማለቴ ነውር ነው። ወዳጃችን ስንለያይም ትከሻዬን መታ አድርጎ ቀጣዩ ጽሑፍ በማሾው ላይ መሆኑን አበሰረኝ፤ በዚያው ማሳ።

«ለአክስትህ ንገራት» አለኝ፣ «ቡናው እንደ አምናው ይሁን።»