የሂሳብ ሶፍትዌር እምቢ ማለትን ይልመድ

ስኩዌሩ 2 የሆነ ቁጥር ይኑረን፤ «ሀ» እንበለው። ሀ ከ1 ይበልጣል ወይስ ያንሳል? ብዙ ሰው ሳያመነታ «1.414 ነው፣ ይበልጣል» ይላል። ግን -1.414ም አለ። የትኛው እንደሆነ ካልተነገረን ጥያቄው መልስ የለውም።

በሶፍትዌር የቁጥር መስክ (በክፍልፋዮች ላይ እንደ ሀ ያለ ቁጥር ጨምረን የምናገኘውን የቁጥሮች ስብስብ) ስንፈጥር ብዙ ጊዜ የምንሰጠው እኩልታውን ብቻ ነው፤ ለምሳሌ «የሀ ስኩዌር 2 ነው» ብለን። ለመደመርና ለማባዛት ይበቃል፤ ለማነጻጸር ግን አይበቃም። ሴጅማዝ የተባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ግን ሩቱን (ከእኩልታው መልሶች የትኛውን እንደምንል) ሳንመርጥለት «ማን ይበልጣል?» ብንለው አንድ መልስ ይሰጠናል። ስኩዌሩ -1 የሆነውን ቁጥር የያዘ ዝርዝር እንኳ ይደረድራል። ትርጉም ያለው ቅደም ተከተል ባለበት የዜሮ ያልሆነ ቁጥር ስኩዌር ሁሌም ፖዘቲቭ ነው፤ እዚያ መስክ ውስጥ ግን -1 ራሱ ስኩዌር ስለሆነ ይህ ከቶ አይሆንም። ሴጅማዝ የተሠራበት የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ራሱ እንዲህ ያሉ ኮምፕሌክስ ቁጥሮችን በ< አነጻጽር ሲሉት እምቢ ይላል።

ጉዳቱን እንየው። ለምሳሌ ሩት ሳንመርጥ ኮኤፊሸንቶችን (በ«ለ + መ×ሀ» ውስጥ ያሉትን ለ እና መ) እንደ መዝገበ ቃላት ከፊት ጀምረን እናነጻጽር። 1 ማለት (1፣ 0) ነው፤ ሀ ደግሞ (0፣ 1)። ስለዚህ ሀ ከ0 ይበልጣል፣ 1 ደግሞ ከሀ ይበልጣል። ሁለቱንም ወገን በፖዘቲቩ ሀ እናባዛ፤ ሀ ከ2 ይበልጣል ማለት ነው። ታዲያ 1 ከሀ፣ ሀ ከ2 በለጠ! ትልቁን ቁጥር ፈልግ ያለ ተማሪ በዚህ ላይ ቆሞ ሥራውን ይቀጥላል፤ የሚያስጠነቅቀው የለም።

ዝርዝር ሁሌ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል እንዲታተም መፈለጉ ይገባኛል። ፓሪ የተባለው ሌላ የሂሳብ ሶፍትዌር ግን መላ አበጅቶለታል። < ሲባል ሩቱ ያልታወቀን ቁጥር አያነጻጽርም፤ ለመደርደር ብቻ የሚያገለግል ሌላ ፈንክሽን አለው። ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው ባይ ነኝ።

ሩቱ ከተመረጠ ሴጅማዝ ግሩም ነው፤ ይህንን መመስከር አለብኝ። 665857/470832ን ከ√2 ጋር አስተያዩት። እስከ 11ኛው ዴሲማል ድረስ አንድ ናቸው። ግን የ665857 ስኩዌር ከ470832 ስኩዌር እጥፍ በ1 ይበልጣል፤ ስለዚህ ክፍልፋዩ ይበልጣል። ሶፍትዌሩም እንዲሁ ስኩዌሮችን በሙሉ ቁጥር ስሌት ያነጻጽራል። ግምት የለበትም።

ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሶፍትዌር ሩቱ ሳይታወቅ መመለሱን ይተው። «መጀመሪያ ሩቱን ምረጥ» የሚል የስህተት መልእክት ይስጥ፤ ተማሪው በአንድ መስመር ያስተካክለዋል።