ስክሪኑን በስልክ ለምታነሱልን፣ እጃችሁ ይባረክ

ባለፈው ሐሙስ የሩብ ዓመቱን የወጪ ሰንጠረዥ ላኩልኝ አልኩ። ሰንጠረዡ ኤክሴል ላይ ተሠርቶ አልቋል። የሠራችው ልጅ ላፕቶፗ ፊት ተቀምጣለች። ኢንተርኔቱም፣ ጉድ ነው፣ ያን ቀን ነበረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቴሌግራሜ ጮኸ። ከፈትኩት። ፎቶ ነው። ላፕቶፑን ከነሰንጠረዡ በስልኳ አንስታ ልካልኛለች።

እናንተም ጋ ስለሚደርስ ብዙ አላስረዳም። ዘመም ያለ ነው። የኪቦርዱ ግማሽ ገብቷል። መሀሉ ላይ የመስኮቱ ብርሃን ቦግ ብሏል፤ ጠቅላላ ድምሩ ከዚያ ብርሃን ሥር የሆነ ቦታ አለ። በስተግራ ጥግ ማኪያቶ አለ። አረፋው፣ አረፋው ላይ የተሰመረችው ቡና፣ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ የቀረችው ሊፕስቲክ ሳትቀር ቁልጭ ብላ ትታያለች። ካሜራው ፎከስ ያደረገው እዚያ ላይ ነው። አልፈርድበትም። ከወጪ ሰንጠረዥና ከማኪያቶ ምረጥ ቢሉኝ እኔስ ምን እመርጣለሁ?

እናም ዛሬ ላመሰግን ነው የተነሳሁት።

ጥበቡ ቀላል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ከወንበር መነሳት አለ። ሌንሱን በሹራብ እጅጌ መጥረግ አለ። ከዚያ ረዳት ይጠራል። አንዱ መጋረጃ ይስባል፣ አንዷ የላፕቶፑን ክዳን ወደ ኋላ ትገፋለች፣ "ጥላሽ ገባ፣ ትንሽ ጎንበስ በይ" ይባላል። ትንፋሽ ይያዛል። ቀጭ! "ኧረ ደበዘዘ፣ ድገሚው።" አንድ ሰንጠረዥ ለሦስት ሰው የሥራ ዕድል ፈጠረ ማለት ነው። በሌላው መንገድ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የስክሪኑን ምስል በሚያነሳበት በስክሪንሾት ቢሆን፣ ዊንዶውስ፣ ሺፍትና ኤስ የሚባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ መጫን፣ ስክሪኑ ደብዘዝ ሲል የሚፈለገውን ቦታ በማውስ መምረጥ፣ ቴሌግራም ላይ ፔስት ማድረግ ነው። አለቀ። ሦስት ጣት። ሦስት ጣት ደግሞ እንጀራ ለመቁረስ እንጂ ለዚህ አልተፈጠረም።

"ፕሪንት ስክሪን" የምትባል ቁልፍም አለች። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያውን ፒሲ ሲያወጣ ጀምሮ አለች። ያኔ ከሺፍት ጋር ስትጫን ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ እውነትም ወደ ፕሪንተር ትልከው ነበር፤ ስሟ ከዚያ የቀረ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ጥግ ይዛ ጣት ስትጠብቅ ኖራለች። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እኛ ቢሮ የሁሉም ቁልፍ ፊደል ተፍቆ አልቋል። እሷ ብቻ ትናንት ከካርቶን የወጣች ትመስላለች።

ደግሞስ ውበቱ! የስክሪኑ ጥቃቅን ነጥቦችና የካሜራው ጥቃቅን ነጥቦች ሲደራረቡ ሞገድ የሚመስል መስመር ይሠራሉ። ሁለት ስስ ነጠላ ደርባችሁ ወደ ብርሃን ስታዩ እንደሚታየው ዓይነት። ስለዚህ የነዳጅ ወጪያችን ባለቀስተ ደመና ጥለት ለብሶ መጣ። ስክሪንሾት ይህን ጥለት ከየት ያመጣል? ደረቅ ነገር ነው። ቁጥር ብቻ።

ይህ ፎቶ ግን እኔ ጋ አልቆመም፤ መንገዱን ስሙልኝ። ከእኔ ወደ አለቃ ሄደ። አለቃ ስልክ ላይ ማንበብ አይወዱም፤ መነጽራቸው መኪና ውስጥ ነው። ጸሐፊዋ በላፕቶፕ ከፈተችው፣ ወርድ ላይ ለጠፈችው፣ ፕሪንት አደረገችው። ባለቀለሙ ቀለም ካለቀ ቆይቷል፤ ቀስተ ደመናው ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ፣ የሜዳ አህያ። አለቃ ፈረሙበት። ማህተሙ ሄዶ ሄዶ ድምሩ ላይ አረፈ። ስካነሩ ተበላሽቷል፤ ስለዚህ ወረቀቱ በስልክ ተነሳና ለቅርንጫፍ ተላከ። የቅርንጫፉ ልጅ በላፕቶፑ ከፈተው። ለእሱ አለቃ ማስተላለፍ አለበት። ፎርዋርድ የሚባል ነገር አለ፤ ግን እሱን ተዉት። ስልኩን አወጣና የላፕቶፑን ስክሪን አነሳው።

አሁን በእጃችን ያለው የፎቶ ወረቀት ፎቶ ፎቶ ነው። ቆጥሬ ነው የጻፍኩት። እንደ ቁፋሮ በንብርብር ነው የሚነበበው። ላይኛው ንብርብር ላይ የቅርንጫፉ ልጅ ከነኮፍያው ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል። ዝቅ ስትሉ ቀይ ቀለም የተቀባ የጸሐፊዋ አውራ ጣት ወረቀቱን ይዟል። ከዚያ በታች ማህተም። ከማህተሙ በታች አህያዋ። ከሁሉም ሥር፣ በአራት ትውልድ ያልደበዘዘ፣ ማኪያቶ።

በመጨረሻ "አረጋግጣችሁ መልሱልን" ተብሎ ተመልሶ መጣ። ለማን? ለሠራችው ልጅ። አጉልታ አየችው፣ ስልኩን አዞረችው፣ ራሷንም አዞረች። "ኧረ ይሄ አይነበብም! ማነው የሠራው?" አለች። ከዚያ ጻፈች፤ "እባካችሁ ጥራት ያለው ፎቶ ይላክልን።" ዋናው ኤክሴል ያኔም ከፊቷ ክፍት ነበር።

አንድ ነገር ግን አያስቀኝም። በቅርቡ አንድ አገልግሎት መስጫ ቦታ አንድ አባት ከፊቴ ቆመው ነበር። የፋይል ቁጥራቸው እንዲህ ከስክሪን ላይ በስልክ ተነስቶ ነው ለመስኮቱ ሠራተኛ የተላከው። 8 የነበረው 3 ሆኖ ተነበበ። "የሉም፣ ነገ ይምጡ" ተባሉ። ትናንትም ነገ ተብለው ነበር። ከዘራቸውን ተደግፈው ዝም ብለው ወጡ። የደከመው የእሳቸው ጉልበት ነው፣ የወጣውም የእሳቸው የታክሲ ብር። ያው ፎቶ ላይ ደግሞ የሌላ ሰላሳ ሰው ስም ከነስልክ ቁጥሩ አብሮ ተነስቷል፤ ስንት ግሩፕ እንደዞረ ማን ያውቃል? ይህ ሥራ አይደለም። ሰው መናቅ ነው።

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ስክሪንሾት ማንሳት የሚችሉትንም ካልጠቀስኩ ይቀየሙኛል። አንድ ጓደኛዬ ይችላል። ጥርት አድርጎ ያነሳል። የት እንደሚያስቀምጠው ነው ጉዱ። ዊንዶውስ ለዚሁ ብሎ ፎልደር አዘጋጅቶለታል፤ እሱ ግን "ዓይኔ ሥር ይሁንልኝ" ብሎ ሁሉንም ዴስክቶፕ ላይ ይደረድራል። ዴስክቶፑ ላይ የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ፎቶ ነበር። ዛሬ ከጣሪያው መስቀል አንድ ክንድ ብቻ ቀርቷል፤ ሌላው በስክሪንሾት ተሸፍኗል። ስክሪንሾት 1፣ ስክሪንሾት 2፣ እያለ 640 ደርሷል። አንዱም ስም የለው። 640 ክርስትና ያልተነሱ ልጆች። አንዱን ሲፈልግ ከ1 ጀምሮ ይከፍታል፤ 90 አካባቢ ሲደርስ ምን እንደሚፈልግ ይረሳል። "ዲስኩ ሊሞላ ነው" የሚለውን ማስጠንቀቂያም አንስቶ አስቀምጦታል። ሁለት ጊዜ።

አርብ ዕለት ትዕግስቴ አለቀና ልጅቷ ጠረጴዛ ድረስ ሄድኩ። ሦስቱን ቁልፎች ተጫንኩላት። ስክሪኑ ደብዘዝ ሲል "ውይ፣ ጠፋ?" አለች። ሰንጠረዡን መረጥኩ፣ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩት፣ ላክሁት። ቁጥሮቹ እንደ አዲስ ብር ጥርት ብለው ወጡ።

"እንዴ! ይሄን ያህል ቀላል ነው? ጋሼ፣ ይድገሙልኝ።"

ደስ አለኝ። ጣቶቼን መልሼ ቁልፎቹ ላይ አሳረፍኩ።

"ቆይ ቆይ፣ እንዳልረሳው። እጅዎን እንዳያነሱ!"

ቀጭ አለ። ወንበሬ ጋ ሳልደርስ የቢሮው ግሩፕ ላይ ተለጥፏል። "የስክሪንሾት አነሳስ፣ ለሁላችሁም" ይላል። ጣቶቼ ደብዝዘዋል። ማኪያቶው አዲስ ነው፣ አረፋው አልወረደም።